ከደረት ጉዳት በኋላ በደረት ውስጥ የሚቀር ደም፦ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

ሰው ወድቆ ጎኑን ሲመታ መጀመሪያ የሚያየው ቆዳውን ነው። ቆዳው ካልተላጠ፣ ደም ካልታየ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ተርፌያለሁ» ብሎ ይነሳል። ደረት ሲመታ ግን ደም ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ደሙ በውስጥ ተጠራቅሞ ሳይወጣ ከቀረ ደግሞ ከቀናት ወይም ከሳምንት በኋላ ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል።

በተለይ በዕድሜ የገፉ እናቶችና አባቶች ለዚህ ችግር የተጋለጡ ናቸው። ወጣት ሰው በመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ በመውደቅ የሚደርስበት ጉዳት፣ በሽማግሌ ሰው ላይ በመታጠቢያ ቤት ከመንሸራተት፣ አውቶቡስ በድንገት ሲቆም ከመውደቅ ወይም ሌሊት ከአልጋ ሲነሱ ከመደናቀፍ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ እነማን ይበልጥ እንደሚያሰጋቸው፣ ለሐኪም ምን መንገር እንደሚያስፈልግና መቼ ወደ ሆስፒታል መመለስ እንደሚገባ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

በደረት ውስጥ ደም ተጠራቀመ ማለት ምን ማለት ነው?

ሳንባ በሁለት ስስ ሽፋኖች የተከበበ ነው። አንዱ ሳንባውን ራሱን ይሸፍናል፤ ሌላው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ይሸፍናል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በጤናማ ሰው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ፈሳሽ ብቻ ነው የሚይዘው። ይህ ፈሳሽ ስንተነፍስ ሳንባው ሳይፋተግ እንዲንቀሳቀስ ይረዳል።

ጎድን አጥንት ሲሰበር ሹል ጫፉ ሳንባውን ወይም ከጎድኑ ሥር የሚያልፈውን የደም ሥር ሊቀድ ይችላል። ያን ጊዜ ደም ወደ ክፍተቱ ይፈስሳል። ሐኪሞች ይህን ሄሞቶራክስ ይሉታል። ክፍተቱ ሲለጠጥ በአንድ ጎን ብቻ ከ2 ሊትር በላይ ደም ሊይዝ ስለሚችል፣ ብዙ ደም ቢፈስም በውጭ ላይታይ ይችላል።

ደሙ ትንሽ ከሆነ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ብዙ ከሆነ ግን በጎድኖች መካከል ቱቦ ገብቶ ይወጣል። ቱቦው ገብቶ 3 ቀን ያህል ካለፈ በኋላ ገና ብዙ ደም ካለ፣ ሐኪሞች «የቀረ ደም» ብለው ሌላ ሕክምና ያስባሉ።

የቀረው ደም ምን ጉዳት ያመጣል?

አንደኛ፣ ሳንባውን ይጫነዋል። የተጫነ ሳንባ በደንብ አይነፋም፤ ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አክታውን አስሎ ማውጣት ያቅተዋል፤ በዚህም ምክንያት የሳንባ ምች ሊይዘው ይችላል።

ሁለተኛ፣ የቆመ ደም ለጀርም ምግብ ነው። ጀርም ከገባበት ወደ መግል ይለወጣል። የአሜሪካ የአደጋ ቀዶ ሕክምና ማኅበር በ20 የሕክምና ማዕከላት ደም በደረታቸው የቀረባቸውን 328 ሕሙማን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱን አሳትሟል። ከእነዚህ ሕሙማን 26.8 በመቶው፣ ማለትም ከአራት ሰው ከአንድ የሚበልጠው፣ በደረቱ ውስጥ መግል ቋጥሯል። ከአምስት ሰው አንድ ያህሉ ደግሞ የሳንባ ምች ይዞታል።

ሦስተኛ፣ ከሳምንታት በኋላ የቀረው ደም ጠንክሮ እንደ ቅርፊት ሳንባውን ይይዘዋል። የታሰረ ሳንባ መዘርጋት ስለማይችል ሰውየው ደረጃ ሲወጣ ወይም ፈጠን ብሎ ሲራመድ ይደክመዋል። እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ቅርፊቱን ለመላጥ ከባድ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።

ለምን በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል?

ብዙ ሰው «ራጅ ተነሥቼ ምንም የለም ተብያለሁ» ይላል። የራጁ ውጤት በዚያ ሰዓት እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው፣ ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ በሚነሣው ራጅ ላይ ደም እንዲታይ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ያህል መጠራቀም አለበት። ይህ አንድ ሙሉ የውኃ ብርጭቆ ወይም ከዚያ በላይ ማለት ነው። ሰውየው ተኝቶ ራጅ ሲነሣ ግን ደሙ በጀርባው በኩል ስለሚዘረጋ ከዚያ እጅግ የበለጠ ደም ሳይለይ ሊያልፍ ይችላል። በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ምርመራ ትንሽ ደም እንኳ ይታያል።

ሁለተኛው፣ ደም ዘግይቶ ሊፈስ ይችላል። የተሰበረው ጎድን ሲያስሉ ወይም ሲገላበጡ ይንቀሳቀስና ቀድሞ ያልተነካውን ሊቀድ ይችላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚሆን ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ነበር» ብሎ ሁለት ሳምንቱን ሳይጠነቀቁ ማለፍ አይገባም።

ይበልጥ የሚያሰጋቸው እነማን ናቸው?

አጋላጭ ነገሮቹን በሦስት ከፍለን እናያቸዋለን፦ ከሰውየው ጤና የሚመጡ፣ ከጉዳቱ የሚመጡ እና ከሕክምናው ጋር የተያያዙ።

*ከሰውየው ጤና የሚመጡ*

ዕድሜ፦ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው አጥንቱ ስለሚሳሳ በቀላል አወዳደቅ ጎድኑ ይሰበራል። የመሳል ጉልበቱም ያነሰ ነው። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑና ጎድናቸው የተሰበረ ሰዎችን ከወጣቶች ጋር አነጻጽሯል። የሳንባ ምች የያዛቸው ከአረጋውያኑ 31 በመቶ ሲሆኑ ከወጣቶቹ 17 በመቶ ነበሩ። በአረጋውያኑ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ የተሰበረ ጎድን የሳንባ ምችን አደጋ በ27 በመቶ ይጨምር ነበር።

ደም ማቅጠኛ መድኃኒት፦ በዕብራይስጥ «ሜዳልሌ ዳም» ይባላል። ኩማዲን፣ ኤሊኩዊስ፣ ዛሬልቶ፣ ፕራዳክሳ፣ ፕላቪክስ፣ እንዲሁም አስፒሪን የሚወስድ ሰው ደሙ ቶሎ አይቆምም፤ ትንሽ የደም ሥር ብትቀደድ እንኳ ለረጅም ሰዓት ልታፈስ ትችላለች። ብዙ አረጋውያን «ለልብ የተሰጠኝ ትንሽ ክኒን» ብለው ብቻ ያውቁታል እንጂ ደም ማቅጠኛ መሆኑን አያውቁም። ዛሬውኑ የመድኃኒት ሣጥንዎን ይዘው የኩፓት ሆሊም ነርስ ወይም የፋርማሲ ባለሙያ ይጠይቁ፦ «ከእነዚህ ውስጥ ደም የሚያቀጥን አለ?» ካለ ስሙን በወረቀት አጽፈው በቦርሳዎ ይያዙት።

ሌሎች በሽታዎች፦ የጉበት በሽታ፣ የኩላሊት ድክመት፣ ደምን የሚያረጉ የደም ሕዋሳት ማነስ የደም መፍሰስን ያባብሳሉ። አስም፣ በማጨስ የመጣ የሳንባ በሽታ እና የልብ ድክመት ያለበት ሰው ደግሞ በደረቱ ትንሽ ደም ቢቀር እንኳ በቶሎ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ቀድሞውኑ የሚተርፈው ትንፋሽ የለውም።

*ከጉዳቱ የሚመጡ*

የጎድን ስብራት ብዛት፦ ሦስትና ከዚያ በላይ ጎድን ከተሰበረ፣ በተለይም የተሰበረው ጫፍ ከቦታው ከተፈናቀለ፣ ደም የመፍሰሱም የመቅረቱም ዕድል ይጨምራል። ቀደም ብለን በጠቀስነው የ328 ሕሙማን ክትትል፣ ጎድናቸው የተሰበረ ሰዎች መግል የመቋጠር ዕድላቸው ካልተሰበረባቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

መጀመሪያ የፈሰሰው ደም ብዛት፦ ገና ሲጀመር ብዙ ደም ከተጠራቀመ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ይከብዳል። በዚያው ክትትል ያለ ተጨማሪ ሕክምና በመጠባበቅ ብቻ የዳኑት በአብዛኛው የቀረባቸው ደም ከ300 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ነበር።

የሳንባው መቀጥቀጥ፦ የተቀጠቀጠ ሳንባ ተነፍቶ ደሙን ወደ ቱቦው ሊገፋው አይችልም። በሁለቱም ጎን የተጎዳ ወይም በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳ ሰውም እንዲሁ ነው።

*ከሕክምናው ጋር የተያያዙ*

መዘግየት፦ ወተት ሲረጋ በቧንቧ አይፈስም። ደምም እንዲሁ ነው። ትኩስ ደም በቱቦ ይወጣል፤ ከረጋ በኋላ ግን ቱቦው ይደፈናል። ሰው ቤቱ ተኝቶ አራትና አምስት ቀን ታግሦ ሲመጣ ሐኪሙ የሚያገኘው የረጋ ደም ነው። ከሁሉም አጋላጭ ነገሮች በእኛ እጅ ያለው ትልቁ ይህ ነው። ዕድሜያችንን መቀነስ አንችልም፤ የምንመጣበትን ቀን ግን ማፍጠን እንችላለን።

የቱቦው ሁኔታ፦ ቱቦው ከታጠፈ፣ ከተደፈነ ወይም ጫፉ ደሙ ካለበት ቦታ ካልደረሰ ደሙ ይቀራል። ስለዚህ ቱቦ ከገባ በኋላ ራጅ ይነሣል፤ ጥርጣሬ ካለም ሲቲ ይታዘዛል።

በሆስፒታል ምን ይደረጋል?

ቱቦው ከመግባቱ በፊት ቦታውን የሚያደነዝዝ መርፌ ይሰጣል። ቱቦው በዕብራይስጥ «ኔኬዝ» ይባላል። ጫፉ ውኃ ካለበት ሣጥን ጋር ይገናኛል። ይህ ሣጥን ሁልጊዜ ከደረትዎ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ሲነሡም ሲሄዱም ከፍ አድርገው አይያዙት፤ በቱቦውም ላይ አይተኙ። ቱቦው ቢነቀል ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርዎ ወዲያው ነርስ ይጥሩ።

አንዳንድ አረጋውያን «ደሜን ከቀዱት ጉልበቴ አብሮ ይሄዳል» ብለው ቱቦውን ይፈራሉ። ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ይህ ደም ከደም ሥር ወጥቶ የቆመ ነው። ወደ ልብ አይመለስም፣ ለሰውነት አይሠራም። እሱን ማውጣት ጉልበት መውሰድ ሳይሆን ለሳንባ ቦታ መልቀቅ ነው። የጎደለው ደም መተካት ካለበት ሐኪሞቹ በምርመራ አይተው ይነግርዎታል።

ቱቦው እንደገባ ከ1,500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም ከወጣ፣ ወይም መፍሰሱ ካላቆመ፣ የሚፈሰውን የደም ሥር ለመዝጋት አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። መፍሰሱ ቆሞ የረጋ ደም ብቻ ከቀረ ግን የተለመደው መንገድ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ ማጽዳት ነው። የአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል የአደጋ ቀዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው መመሪያ ይህ የካሜራ ቀዶ ሕክምና በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ውስጥ ቢደረግ ከዘገየው እንደሚመረጥ ገልጿል። ቀዶ ሕክምናን ለማይችል ሰው በቱቦው በኩል የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት መስጠት ሌላ አማራጭ ነው። እርስዎም «ደሙ ሁሉ ወጥቷል? የቀረ ካለ ምን ያህል ነው? መቼ ነው እንደገና የምታዩት?» ብለው ይጠይቁ።

ለሐኪሙ የሚነገሩ አምስት ነገሮች

1. መቼና እንዴት እንደወደቁ፤ ከመውደቅዎ በፊት ራስዎን አዙሮዎት ወይም ስተው እንደሆነ።
2. የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ፣ በተለይ ደም ማቅጠኛ፤ የመጨረሻውን ክኒን በስንት ሰዓት እንደወሰዱም ጭምር። ለአንዳንዶቹ ሥራቸውን የሚመልስ መድኃኒት ስላለ ይህ ሕይወት ሊያድን ይችላል።
3. በቤት ውስጥ የሚጠጡት የባህል መድኃኒት ወይም ቅጠላ ቅጠል ካለ።
4. የሕመሙ እውነተኛ መጠን።
5. ቀድሞ የነበረ የሳንባ፣ የልብ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት በሽታ።

አራተኛውን ነገር ልብ ይበሉ። በአገራችን ሕመምን መቻል የጨዋ ሰው ምልክት ነው። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደህና ነኝ» ብሎ መመለስም ልማዳችን ነው። ሐኪሙ ግን ይህን ልማድ አያውቅም፤ «ደህና ነኝ» ካሉት ደህና ናቸው ብሎ ይጽፋል። በጎድን ስብራት ጊዜ ሕመምን መደበቅ ራሱ አደጋ ነው፤ ሲያም በጥልቀት አንተነፍስም፣ አንስልም፣ ሳንባውም አይከፈትም። የሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ለምቾት ብቻ ሳይሆን ለመተንፈስ ነው።

ዕብራይስጥ የሚያስቸግርዎ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለሕሙማን በቋንቋ ተደራሽ እንዲያደርጉ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የሕሙማን መብት ሕግ መሠረትም ስለ ሕክምናው በሚገባዎ መንገድ ሳይገለጽልዎ ፈርሙ ሊባሉ አይገባም። ትንሽ የልጅ ልጅን ማስተርጎም ግን አይመከርም። ልጁ የሕክምናውን ቃል ላያውቅ ይችላል፤ እርስዎም ልጁ እንዳይደነግጥ ሕመምዎን ሊደብቁ ይችላሉ።

ቤት ከገቡ በኋላ

ሲለቀቁ የሚሰጥዎትን ደብዳቤ፣ «ሚክታቭ ሺህሩር» የሚባለውን፣ ይዘው በጥቂት ቀናት ውስጥ የኩፓት ሆሊም ሐኪምዎን ይዩ። የቁጥጥር ራጅ መቼ እንደሚነሡም ያረጋግጡ። በቀን ብዙ ጊዜ ትራስ ጎንዎ ላይ ደግፈው በጥልቀት ይተንፍሱ፣ ይሳሉ። ኳስ ያለበት የመተንፈሻ መለማመጃ ከተሰጥዎ በታዘዘው መሠረት ይጠቀሙበት። ቀኑን ሙሉ አይተኙ፤ ይቀመጡ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ።

ደም ማቅጠኛውን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ፣ በራስዎ ፈቃድም አይጀምሩ። ድንገት ማቆም በልብ ወይም በአንጎል የረጋ ደም ሊያስከትል ይችላል። ውሳኔው የሐኪም ነው። አድቪል፣ ኑሮፌን የመሳሰሉ ማስታገሻዎችም የደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ስለ ወጌሻና ስለ ዋግምት፦ የተሰበረን ጎድን ማሸት ጫፉን ወደ ሳንባ ሊገፋው ይችላል። ደረትን በጨርቅ አጥብቆ ማሰር ትንፋሽን ያሳጥራል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በዋግምት ቢበጣ ደሙ አልቆም ሊል ይችላል፤ በውስጥ ያለውንም ደም ዋግምት አያወጣውም። የወጌሻ ሙያ ብዙ ሰው የረዳ ሙያ ነው፤ ለተመታ ደረት ግን አይሆንም።

ደረትዎ ላይ ጉዳት ደርሶ ከነበረ በአውሮፕላን ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ይጠይቁ። ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ ከሆነ ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደሚገኙ ያስታውሱ፤ አየሩ ስስ ነው።

መቼ ወዲያውኑ እርዳታ ይጠራል?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ወደ ማገን ዳቪድ አዶም፣ በ101 ይደውሉ፦

- ትንፋሽ ማጠር ሲጀምር ወይም እየባሰ ሲሄድ
- ራስ ሲያዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያልብ፣ ልብ ሲፈጥን፣ ሰውነት ሲገረጣ
- ደም የቀላቀለ አክታ ሲታይ
- ሰውየው ግራ ሲጋባ ወይም ከወትሮው ሲፈዝ

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ወይም ወደ ሚዩን ይሂዱ፦

- የጎን ሕመም ከቀን ወደ ቀን በመሻል ፈንታ ሲብስ
- ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሌሊት ላብ
- ምግብ ሲያስጠላና ድካም ሲጨምር

እነዚህን ምልክቶች «ብርድ መትቶኝ ነው፣ ውጋት ነው፣ ያልፋል» ብለው አይተዉ። ውጋት በራሱ ይመጣል፤ ከወደቁ በኋላ የመጣ ውጋት ግን ምክንያት አለው።

ችግሩ በሰንበት ቢሆንስ? አባቶቻችን ሰንበትን አጥብቀው ያከበሩ ናቸው፤ «ሰንበት ሲወጣ እንደውላለን» የሚሉም አሉ። ነፍስን ማዳን ግን ሰንበትን ይሽራል፤ በዕብራይስጥ «ፒኩአህ ኔፌሽ» የሚባለው ይህ ነው። ስልክ መደወልም፣ በመኪና መሄድም በዚህ ውስጥ ይገባል። የሚያሳስብዎ ከሆነ አደጋ ሳይመጣ ገና ዛሬ ቄስዎን ወይም ረቢዎን ይጠይቁ፤ የዚያን ቀን ለመጠየቅ ጊዜ ላይኖር ይችላል።

ለማስታወስ ያህል

ዕድሜዎ ከ65 በላይ ከሆነ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ወይም ከአንድ በላይ ጎድን ተሰብሯል ከተባሉ፣ የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሁለት ሳምንት ራስዎን ይከታተሉ። ብቻዎን የሚኖሩ ከሆነ ልጆችዎ ወይም ጎረቤትዎ ጠዋትና ማታ እንዲጠይቁዎ ይንገሯቸው። የሚጠይቁዎም «ደህና ነዎት?» ብቻ ብለው አይለፉ፤ «ሌሊቱን ተኝተው አደሩ? በጥልቀት መተንፈስ ይችላሉ? ትኩሳት አለዎት?» ብለው ይጠይቁ። «ደህና ነኝ» የሚለው መልስ የማይነግረውን እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ያወጡታል።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ እውቀት የቀረበ ነው፤ የሐኪምን ምርመራና ምክር አይተካም።